ትንሽ አገር ጥያቄ ስታቀርብ

ቫኑዋቱ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ከ80 የማያንሱ ደሴቶች ያሏት፣ ሕዝቧም 300,000 ያህል የሆነ አገር ናት። ነፃነቷን ያገኘችው በ1972 ዓ.ም. ነው። የባሕሩ ውሃ ከፍ ባለ ቍጥር የዳርቻ መንደሮቿ መሬት ይቀንሳል፤ ዐውሎ ነፋሱም ቤትና አዝመራ ያጠፋል። የዓለምን አየር ያሞቀው ጢስ ግን በአብዛኛው የወጣው ከባለ ኢንዱስትሪዎቹ አገሮች ነው። ጦርም ሀብትም የሌላት አገር በኃያላን ፊት ምን ልታደርግ ትችላለች?

አሳቡ የመጣው ከተማሪዎች ነው። በ2011 ዓ.ም. በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚያጠኑ 27 ወጣቶች ጉዳዩ በሄግ ከተማ ወደሚገኘው የዓለም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አሳሰቡ። የቫኑዋቱ መንግሥትም አሳቡን ተቀብሎ ከአገር ወደ አገር ደጋፊ ፈለገ። መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄው እንዲቀርብ ያለ ተቃውሞ ወሰነ። በዚህ ጉባኤ ትንሹም ትልቁም አገር ያለው ድምፅ አንድ ነው፤ እንደ ጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔን ብቻውን የሚሽር የለም።

ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. 15ቱ ዳኞች በአንድ ቃል መለሱ፦ መንግሥታት የአየርን ጠባይ ከጉዳት የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ ግዴታውን የጣሰም እስከ ካሣ ድረስ ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ የምክር አስተያየት እንጂ የሚያስገድድ ፍርድ አይደለም። ታዲያ ምን ይረባል የሚል ቢኖር የአገራችንን ታሪክ ያስታውስ። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪቃ በደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ ላይ የተሰጣትን አደራ አጉድላ በዘር ታዳላለች ብለው በዚሁ ፍርድ ቤት ከሰሷት። በ1958 ዓ.ም. ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅም ክሱ ወደቀ። ነገሩ ግን በዚያ አልቀረም። ጥቂት ወራት ቈይቶ ጠቅላላ ጉባኤው የደቡብ አፍሪቃን አደራ ሻረ። በ1963 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት በምክር አስተያየቱ የደቡብ አፍሪቃ በዚያ መቀመጥ ሕገ ወጥ ነው አለ። አገሪቱም ናሚቢያ ተብላ ነፃ የወጣችው በ1982 ዓ.ም. ነው፤ ክሱ ከቀረበ ከ29 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩን የሚፈትል ግን ያስፈልጋል። በቫኑዋቱ የፈተሉት ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ሕግ የሚያጠና፣ ወይም በጽሕፈት ቤት ረቂቅ የሚያዘጋጅ ወጣት ሥራውን አይናቅ፤ አንድ ቀን የአገሩ ጥያቄ የሚጻፈው በእርሱ እጅ ሊሆን ይችላልና።