አዲስ ማሽን ሲመጣ ሠራተኛው ምን ያደርጋል?

እ.አ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ዓ.ም. ከሜይን እስከ ቴክሳስ ባሉ የዩናይትድ ስቴትስ ወደቦች ወደ 45 ሺሕ የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ ስፋት የተካሄደ የመጀመሪያው የወደብ ሠራተኞች አድማ ነበር። አድማው በሦስተኛው ቀን የቆመው ደመወዝ በስድስት ዓመት ውስጥ በ62 ከመቶ እንዲያድግ ሁለቱ ወገኖች በመርሕ ደረጃ በመስማማታቸው ነው። አንድ ጥያቄ ግን ለተጨማሪ ወራት አከራከረ። ያለ ሰው እጅ ወይም በጥቂት ሰው ብቻ የሚሠሩ ክሬኖች ወደ ወደቦቹ ይግቡ ወይስ አይግቡ? በዚህ ላይ መግባባት የተቻለው በጃንዋሪ 2025 ዓ.ም. ነው።

በእንግሊዝኛ ቴክኖሎጂን የሚጠላ ሰው “ሉዳይት” ይባላል። ስያሜው የመጣው ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት በእንግሊዝ አገር ማሽን ይሰብሩ ከነበሩ ሠራተኞች ነው። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን የሠራተኞቹ ጠብ ከማሽኑ ጋር ብቻ እንዳልነበረ ይገባዋል።

በ1811 ዓ.ም. በኖቲንግሃም አካባቢ የተነሡት የእግር ሹራብ ሠሪዎች ራሳቸው በማሽን የሚተዳደሩ ነበሩ። የሚሠሩበት መሣሪያ የተፈለሰፈው በ1589 ዓ.ም. በመሆኑ አዲስ ሊባል አይችልም። ቅሬታቸው አንዳንድ አሠሪዎች በዚያው መሣሪያ ጥራት የጎደለው ዕቃ እያመረቱ፣ ሙያውን በወጉ ያልተማረ ሰው እየቀጠሩ፣ የሥራውን ዋጋ መቀነሳቸው ነበር። ስለዚህ “ኔድ ሉድ” በተባለ ምናባዊ መሪ ስም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልኩ፣ በሌሊትም መዶሻ ይዘው ይገቡ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚሰብሩት ክፍያ የቀነሰውን አሠሪ ማሽን ሲሆን፣ የሌላውን ሳይነኩ ያልፉ ነበር። በዮርክሺር ሱፍ የሚሸልቱት ባለሙያዎች ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የእነርሱን ሥራ አዲሱ ማሽን በእርግጥ የሚነጥቅ ነበር።

መንግሥት ምላሹን በጦር ሠራዊትና በስቅላት ሰጠ። በ1812 ዓ.ም. ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ሕግ ወጣ። ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በጌቶች ምክር ቤት ሕጉን ቢቃወምም ሊያስቀረው አልቻለም። በጃንዋሪ 1813 ዓ.ም. በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

ሠራተኞቹ መዶሻ ለምን መረጡ? በ1799 እና በ1800 ዓ.ም. የወጡት ሕጎች ሠራተኞች ለደመወዝ ጥያቄ በማኅበር እንዳይደራጁ ይከለክሉ ስለነበር ነው። ሕጎቹ እስከ 1824 ዓ.ም. ጸንተው ቆይተዋል። ታሪክ ጸሐፊው ኤሪክ ሆብስባውምም ማሽን ሰበራውን የሚያየው፣ ሌላ መንገድ የተዘጋባቸው ሰዎች የተጠቀሙበት የድርድር ስልት አድርጎ ነው።

መንገዱ ሲከፈት የሚሆነውን ደግሞ የአሜሪካ ወደቦች ታሪክ ያሳያል። በኤፕሪል 1956 ዓ.ም. አንዲት መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭና ከኒው ጀርሲ ወደ ሂውስተን ተጓዘች። ብዙ ወዛደሮች በትከሻቸው ለቀናት ያራግፉት የነበረውን ጭነት በጥቂት ሰዓታት ማንሣት እንደሚቻል ግልጽ ሆነ። የምዕራብ ጠረፍ ወደብ ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበሩት ሃሪ ብሪጅስ ማሽኑን ለዘለቄታው ማስቆም አይቻልም ብለው አመኑ። ስለዚህ ማኅበሩ ዋጋ ጠየቀ። በ1960 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት አሠሪዎች አዳዲስ መሣሪያዎችን እንዲያስገቡ ተፈቀደላቸው። በምላሹም ለሠራተኞች ዋስትናና ለቅድመ ጡረታ የሚውል 29 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማሙ።

ስምምነቱ ቁስሉን ሁሉ አልሻረም። በዋናው መዝገብ ላይ ያልሰፈሩ ጊዜያዊ ሠራተኞች የጥቅሙ ተካፋይ አልነበሩም። የወዛደሩም ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው አድማም በድምሩ 134 ቀናት ፈጅቷል። ያም ሆኖ በርካታ አንጋፋ ወዛደሮች ከሥራ የወጡት ጡረታቸውን ይዘው እንጂ ባዶ እጃቸውን አይደለም።

ዛሬ ተመሳሳይ ጥያቄ በታክሲና በስልክ መተግበሪያ መኪና ለሚተዳደሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቀርቧል። በፊኒክስ፣ በሳን ፍራንሲስኮና በሎስ አንጀለስ አሽከርካሪ የሌላቸው መኪኖች ተሳፋሪ በክፍያ ያመላልሳሉ። የወደብ ሠራተኞች የነበራቸውን የመደራደር መብት ግን አብዛኞቹ ሾፌሮች አላገኙም። የፌዴራሉ ሕግ ለተቀጣሪ የሚሰጠውን የጋራ ድርድር መብት በግል ተቋራጭነት ለሚሠራ ሰው አይሰጥምና። የማሳቹሴትስ መራጮች በኖቬምበር 2024 ዓ.ም. በመተግበሪያ ለሚሠሩ ሾፌሮች የመደራጀት መብት የሚሰጥ ሕግ ያጸደቁት ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የምዕራብ ጠረፍ ወዛደሮች ዋጋ ለመጠየቅ የቻሉት ማኅበር ስለነበራቸው ብቻ አይደለም። አሠሪዎቹ ገና የእነርሱን ፈቃድ በሚሹበት ጊዜ ወደ ድርድር በመቀመጣቸውም ጭምር ነው። ማሽኑ ሥራውን ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ ቢቀመጡ ኖሮ የሚደራደሩበት ነገር በእጃቸው አይቀርም ነበር።