ጀበናው ሲጣድ

እስቲ አንዴ ስሙኝ፣ ነገሩ ገባኝ! «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ አነባለሁ» ብዬ ስንቴ እንደፎከርኩ ታውቃላችሁ። መጽሐፉ ከራስጌዬ አይጠፋም፤ ምልክቱ ግን ገጽ 12 ላይ ከርሟል። ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ለካ የጎደለኝ ሚስማር ነው!

ኮት አስቡ። ግድግዳው ላይ ሚስማር ከሌለ ኮቱን የቱንም ያህል ብትወዱት መሬት ይወድቃል። «በየቀኑ አነባለሁ» የሚለው ሐሳብ ኮቱ ነው። ሚስማሩስ? በቀናችን ውስጥ ሳንጠራው የሚመጣ ነገር። እኛ ቤት ከሰዓት በኋላ ቡና አይቀርም። ስለዚህ አንዲት መስመር ጻፍኩ፦ «ጀበናው ሲጣድ መጽሐፉን አነሳለሁ።» አለቀ፤ ሌላ ምንም የለውም።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ጀበናውን ከሰሉ ላይ አስቀምጣ ማራገብ ጀመረች። የማራገቢያውን ድምፅ ስሰማ እጄ መጽሐፉ ላይ ነበር። «ላንብብ ወይስ ትንሽ ልረፍ?» የሚለው ሙግት የት ሄደ? ቡናው እስኪፈላ አምስት ገጽ!

ይህን ነገር ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት አጥንቶታል። እሱና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ከፊሎቹ መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ ቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነዚህ 71 በመቶው በጊዜው ጻፉ። ከቀሩት ግን 32 በመቶው ብቻ! ሥራው ያው፣ ቀኑ ያው፤ ልዩነቱ ሚስማሩ ነው። ምክንያቱም ውሳኔው አስቀድሞ አልቋል። ምልክቱ ብቅ ሲል አእምሯችን እንደ አዲስ ሸንጎ አይቀመጥም።

ደግሞ እኮ ስናውቀው የኖርነው ነገር ነው። «ከመግሪብ በኋላ ብቅ በል»፣ «ከቅዳሴ መልስ እንገናኝ» ስንባባል ሰዓት ያየ ማን አለ? ቀጠሮውን የምንሰቅለው መምጣቱ በማይቀር ነገር ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። «ጊዜ ሳገኝ» ሚስማር አይደለም፤ ጊዜ በር አንኳኩቶ «መጣሁ» አይልም። «ማታ»ም በጣም ሰፊ ነው፤ ከእራት እስከ እንቅልፍ ድረስ ማታ ነው። ሚስማሩ በዓይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ ይሁን፦ የታክሲው በር ሲዘጋ፣ የእራቱ ትሪ ሲነሳ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ስሰካ። የምትሰቅሉበት ነገርም መጀመሪያ ላይ ቀላል ይሁን። ከባድ ካፖርት ሚስማር ይነቅላል።

በሉ አሁን ወረቀት አንሱና አንዲት መስመር ጻፉ፦ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ።» እሑድ ቡና ላይ ስንገናኝ የየራሳችሁን ሚስማር ትነግሩኛላችሁ።