የክት ልብስ በአዘቦት ቀን

(ምስል፦ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የአዲስ አበባ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች፤ በዝግታ ይለዋወጣሉ)

ተራኪ፦ እነዚህን ፎቶዎች ያየ ሰው ሁሉ አፉ ላይ የሚመጣለት አንድ ነገር ነው፤ «የድሮ ሰው እንዴት ይዘንጥ ነበር!» ወንዱ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ሴቷ ከጉልበት ከፍ ያለ ጉርድና የተከመረ አፍሮ፣ ጫማው ሊስትሮ እጅ ገብቶ ፊት የሚያሳይ። አድናቆቱ ግን ውሎ ሳያድር ወቀሳ ይወልዳል። ያ ትውልድ ራሱን ያከብር ነበር፣ የዛሬው በቱታና በነጠላ ጫማ ከቤት ይወጣል ይባላል። አድናቆቱን እኛም እንጋራለን። ወቀሳው ግን ማስረጃ ሲጠየቅ ይንገዳገዳል። የዚያን ዘመን ዝነጣ ከሰዎቹ ጨዋነት ይልቅ ሁለት ነገሮች ያስረዱታል፤ ልብስ ጥቂት ነበር፣ ለብሰው የሚታዩበት ጎዳና ደግሞ ነበር።

ከልብሱ እንጀምር። አንድ የዚያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ ሲነሣ በቅድሚያ ጨርቁን በሜትር ይገዛል፤ ሱፍ ወይም ገበርዲን። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ያወርድና ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ የክንዱን ርዝመት ለክቶ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ በሳሙና ቁራጭ ጨርቁ ላይ ያሰምራል። ከቀናት በኋላ ደንበኛው ለልክ ይጠራል፤ ኮቱ ገና በነጭ ክር እንደተያያዘ፣ አንዱ እጅጌ ሳይገባለት ሰውነቱ ላይ ይሞከራል። ትከሻው ላይ የጣት ስፋት ያህል ትርፍ ከተገኘች ይፈታል። እንዲህ የተሰፋ ኮት በአንድ ዓመት አይጣልም። ክርኑ ሲሳሳ ይጣፋል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሲበላ ተፈትቶ ይገለበጣል፤ ሱሪው በከሰል ካውያ ይተኮሳል፣ ሌሊትም ፍራሽ ሥር ተዘርግቶ እጥፋቱን እንደያዘ ያድራል። አባት ሲበቃው ለልጅ ይጠባል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያመጣው ዋጋው ነው። የክትና የአዘቦት ተብሎ መለየቱም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል ራሱ፣ ደህናው ቀሚስ ዓመት በዓል እስኪደርስ ሣጥን ውስጥ ይጠብቅ እንደነበር ይመሰክራል። ዛሬ ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ ቢከለከልም የቦንዳ ልብስ ገበያውን ሞልቶታል፤ ከቻይና የሚገባው አዲሱ ልብስም ርካሽ ነው። አሥር ቲሸርት የደረደረ ወጣት ለአንዷ እንቅልፍ አያጣም፤ አባቱም አሥር ቢኖራቸው ኖሮ አያጡም ነበር።

(ምስል፦ ፒያሳ፣ የሲኒማ ቤት ደጃፍ፣ በእግር የሚሄድ ሕዝብ)

ሁለተኛው ጉዳይ ጎዳናው ነው። የፒያሳ ወክ፣ የሲኒማ ኢትዮጵያና የሲኒማ አምፒር ደጃፍ፣ የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት፣ ሰው ሰውን የሚያይባቸው ቦታዎች ነበሩ። ቦታው ሲዘጋ ዝነጣው ምን እንደሆነ የደርግ ዘመን አሳይቶናል። በ1967 ዓ.ም. 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ካኪ ለብሶ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመተ፤ ሰዓት እላፊ የምሽቱን ጎዳና ባዶ አደረገው፤ ቆይቶም የገዥው ፓርቲ የኢሠፓ ሹማምንት አንድ ዓይነት ልብስ ለበሱ። የከተማው ሰው ጨዋነት በአንድ ዓመት ውስጥ አልጠፋም። መታየት ግን አደገኛ ሆነ።

ፎቶዎቹ የተነሡበት ዘመን ራሱ በልብስ ጉዳይ ላይ ተስማምቶ ያውቃል ወይ? መጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተሰናዳ። የሚታየው በአብዛኛው የምዕራባውያን ልብስ ነበር፤ የዘመኑ ንጉሥ ደግሞ ሚኒ ስከርት። ተማሪዎች ደጃፉን ከበቡ። እንግዶች ተገፈተሩ፣ እንቁላል ተወረወረባቸው፤ ፖሊስ ገባ፤ የተማሪ መሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘጋ። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ቀላል አልነበረም፤ ሕዝቡ በአብዛኛው እርቃኑን የሚሸፍንበት በቅጡ በሌለው አገር፣ የውጭ ልብስ ሰልፍ የባህል ወረራ ነው አሉ። ይህን ሲሉ ግን አብዛኞቹ የለበሱት ያው ከውጭ የመጣ ሱሪና ሸሚዝ ነበር። የወንዱን ሱሪ ማንም እንደ ወረራ አልቆጠረውም፤ የተመዘነው የእህቶቻቸው ጉልበት ነው። (ይህች ሚዛን እስከ ዛሬ ከእጃችን አልወጣችም።) እንግዲህ ዛሬ «የወርቃማ ዘመን» እያልን የምናደንቀው ቀሚስ፣ በዘመኑ የነበሩ ብልህ ወጣቶች የውድቀት ምልክት አድርገው ያዩት ቀሚስ ነው።

ሆኖም አንድ መልስ የሚገባው ተቃውሞ አለ። ነጠላ የለበሰ ሰው በአለባበሱ ይናገር ነበር፤ ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ያደገድጋል፣ ለቅሶ ሲሄድ ጥለቱን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ያጣፋል። ይህ በድህነትም በጎዳናም የሚብራራ አይደለም፤ የጋራ እውቀት ነበር። ይህን እንቀበላለን፤ እየሳሳ መሄዱም ያሳስበናል። በሽፎን ላይ ጥለት የታተመበት የበዓል ቀሚስ ለዓይን ያምራል፤ የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ግን ገበያውን ነጥቆታል። ነገር ግን የነጠላን ቋንቋ የሚያውቀው ሰው ከፎቶዎቹ ውስጥ ካሉት ዘናጮች ጋር እንደ አንድ መታየት የለበትም። ብዙዎቹ ዘናጮች ከእናታቸው ነጠላ ሊርቁ ኮት ያሰፉ ነበሩ።

(ምስል፦ የፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶዎች)

ፎቶዎቹ ራሳቸውም መመርመር አለባቸው። ሰው ፎቶ ቤት የሚሄደው የክቱን ለብሶ ነው፤ ኮት የሌለውም ችግር የለበትም፣ ፎቶ ቤቱ ኮትና ከረባት ሰቅሎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ «የአዘቦት ዝነጣ» እያልን የምናየው በአብዛኛው የክት ቀን ነው። ተሸካሚው፣ ሊስትሮው፣ እንጨት የተሸከመችው የእንጦጦ እናት ለአልበም አልተጠሩም።

(ምስል፦ የታደሰ ጎዳና፣ ምሽት)

በ2016 ዓ.ም. ያ የፒያሳ ጎዳና በአብዛኛው ፈረሰ። ቤቱና ሱቁ የፈረሰበትን ሰው ሐዘን እዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንሸፍነውም። በኮሪደር ልማቱ የተዘረጋው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ግን ያላሰብነውን ነገር አሳየን፤ ማታ ማታ ወጣቶች ተዘጋጅተው፣ ሽክ ብለው ይወጣሉ፤ መብራቱ ሥር በስልክ ፎቶ ይነሣሉ። ለታይታ ነው የሚል አይጠፋም። የፒያሳ ወክስ ለምን ነበር? ያልተመለሰው ልብስ ሰፊው ነው። ዛሬ ብዙው ሥራው ዚፕ መቀየር፣ የሱሪ እግር ማሳጠርና የቦንዳ ኮት ማጥበብ ነው፤ ትከሻ ለክቶ ኮት የሚቆርጥ ጎልማሳ ሲያረጅ ሙያውን የሚረከበው ተለማማጅ አጠገቡ የለም። የቁጭታችን እኩሌታ ለእሱ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ጨርቅ ገዝተን ሄደን እናስለካ ነበር።