ስለ ሻጋታ መርዝና ሰውነትን ከእርሱ ስለሚያግዙ ምግቦች

በይፋግ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ነጋዴ ሁሉ እርጥበት ሚዛን እንደሚጨምር ያውቃል። የአሠሪዬን የግዢ መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በአንድ ክረምት በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ኪሎውን ብቻ መዝግቤ ወደ መጋዘን አስገባሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጆንያው ሲፈታ ሻግቶ ተገኘ። የከሰርነው ገንዘብ ብቻ መስሎን ነበር፤ ነገሩ ግን ጤናንም የሚነካ ስለሆነ ለአንባቢያን ጥቂት ማስረዳት ይገባል።

ከሻጋታ ዓይነቶች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣሉ። መርዙ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተበከለ የለውዝ ፋጉሎ የበሉ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ ነው። በአገራችንም በዚያው አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ በተወሰዱት 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ውስጥ የዚህን መርዝ ዝርያ አግኝቷል፤ ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎም በብዛት ተበክሎ ተገኝቷል።

ይህ መርዝ በሽታን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያዳክማል። ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ ኦክሲዴሽን ይባላል፤ ይኸውም ብረትን የሚያዝግ፣ የቆየ ዘይትንም ሽታ የሚለውጥ ነገር ነው። የሕዋስ ሽፋን ቅባት ስላለበት እንደ ዘይቱ ይበላሻል። አንቲኦክሲዳንት የተባሉት ንጥረ ነገሮች ይህን ጉዳት ይገታሉ። ቪታሚን ኢ በሽፋኑ ቅባት ውስጥ ሆኖ ጉዳቱን በራሱ ላይ ይቀበላል፤ ቪታሚን ሲ ደግሞ ቪታሚን ኢን መልሶ ያድሰዋል፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ግሉታቲዮን በጉበት ውስጥ መርዙን ይዞ እንዲወገድ ያደርጋል። ቪታሚን ኢ በኑግና በሱፍ፣ ቪታሚን ሲ በቃሪያ፣ በጎመንና በብርቱካን ይገኛል።

ይሁን እንጂ የዚህ ማስረጃ አብዛኛው የተገኘው ከእንስሳትና ከቤተ ሙከራ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ብርቱካን እበላለሁና የሻገተው አይጎዳኝም ብሎ አይታለል። መርዙ በተራ ማብሰልም አይጠፋም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጠባቂ ነጋዴው ነው። በርበሬውን በሸራ ላይ በሚገባ ማድረቅ፣ ጆንያውን ከመሬትና ከግድግዳ አርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ የሻገተውንም ከደኅናው ጋር አለመቀላቀል ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን ስለማይፈቅድ፣ ቸል ያለ ላኪ ጭነቱ ይመለስበታል።

እኛም ከዚያ ክረምት ወዲህ በመዝገባችን ከኪሎው ቀጥሎ «ደረቅ» ወይም «እርጥብ» የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ጨምረናል፤ እርጥብ የተባለው ሳይደርቅ ወደ መጋዘን አይገባም።