ሐኪሙ በሩቅ፣ ልጁ በቤቱ

ልጅ አማና ነው። አማናው ደግሞ በማብላትና በማልበስ ብቻ አይፈጸምም። ልጁ እንደ እድሜው መቀመጡን፣ መራመዱን፣ መናገሩንና ሰው መለየቱን መከታተልም የወላጅ ድርሻ ነው። በዘመናችን ለዚህ ክትትል አዲስ መንገድ ተከፍቷል። ልጁ በገዛ ቤቱ ምንጣፍ ላይ እየተጫወተ፣ ባለሙያው ከሩቅ በቪዲዮ ያየዋል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ጥቅሙንና ወሰኑን ብናውቅ ይበጀናል።

እንዴት ይከናወናል?

የርቀት ምርመራ ቀደም ብሎም ይሞከር ነበር፤ በስፋት የተሠራበት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰዎችን ከክሊኒክ ባራቀ ጊዜ ነው። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ባለሙያዎች ኦቲዝም ለሚጠረጠርባቸው ትንንሽ ሕፃናት «ቴሌ-ኤኤስዲ-ፔድስ» የተባለ መመዘኛ አዘጋጅተዋል። ባለሙያው በስክሪኑ ላይ ሆኖ ወላጆችን ይመራል። እነርሱም ልጁን በስሙ ይጠሩታል፤ ራቅ ያለ ነገር በጣት ያሳዩታል፤ የሚወደውን ምግብ ራሱ ሊከፍተው በማይችለው ዕቃ ያቀርቡለታል። ባለሙያው ልጁ ሲጠራ ዞር ማለቱን፣ ዓይን ለዓይን መተያየቱንና እርዳታ የሚጠይቅበትን መንገድ ይመለከታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በክሊኒክ ውስጥ የመርማሪው እጅ የሐኪሙ ነው፤ በርቀት ምርመራ ግን የእናትና የአባት እጅ ነው። ስለዚህ የውጤቱ እውነተኛነት በአብዛኛው በእኛ ላይ ያርፋል።

«ልጄን እንዳያዋርዱብኝ»

ብዙ ወላጅ ካሜራ ፊት ሲቀርብ ፈተና የገባ ይመስለዋል። ልጁ ሳይመልስ ሲቀር እናት በጆሮው ታንሾካሹክለታለች፤ አባት እጁን ይዞ ያስጠቁመዋል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን የልጁን ችግር ይሸፍናል፤ እርዳታውንም ያዘገያል። ልጁ የሚያሳየን የሚችለውንም የማይችለውንም ነው፤ ሁለቱም ለባለሙያው መረጃ ናቸው።

እኛ መምህራን የምናውቀው ሌላ ነገርም አለ። ሱረቱል ፋቲሐን በቃሉ የሚወርድ፣ ከአሊፍ እስከ ያ የሚቆጥር፣ ነገር ግን ሲጠማው «ውኃ ስጡኝ» ማለት የማይችል ልጅ ይኖራል። ሒፍዙ ደስ ያሰኛል። ሆኖም በቃል መያዝና ከሰው ጋር መነጋገር የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ባለሙያው «ይናገራል?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱን ለይተን እንንገረው።

«ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው የዘገየው» የሚለው ምክንያትም አያሳርፈን። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። ቃላቱን ስንቆጥር ግን የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም አንድ ላይ እንቁጠር። ቋንቋው የሚያስቸግረን ከሆነም ከቀጠሮው በፊት አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ ታላቅ ወንድሙን ወይም እህቱን አስተርጓሚ አናድርግ።

መለኪያው ምንድን ነው?

የጎረቤት ልጅ መለኪያ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ አድርጓል። በዚህ መሠረት ጤናማ ሕፃናት ያለ ድጋፍ መቀመጥ የሚጀምሩት ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ወሰኑ ሰፊ ነው፤ መጨረሻ ግን አለው። መለኪያ ከአገር ልማድ ጋር መስማማትም አለበት። ዴንቨር 2 የተባለው የእድገት መመዘኛ ለጅማ ሕፃናት እንዲስማማ ተስተካክሎ የተጠናው ለዚህ ነው።

ስክሪን የማያሳየው

ካሜራ የልጁን ጆሮ አይለካም፤ የጡንቻውን ጥንካሬ አይዳስስም። ንግግር የዘገየበት ልጅ ሁሉ መስማቱ በአካል ቀርቦ በመሣሪያ መመርመር አለበት። የቪዲዮው ውጤት መልካም ሆኖ ሥጋታችን ካልለቀቀን፣ በአካል እንዲታይ እንጠይቅ። በአሜሪካ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ወላጅ ራሱ ለግዛቱ የቅድመ እርዳታ ፕሮግራም ደውሎ ግምገማ መጠየቅ ይችላል፤ የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልገውም፤ ለግምገማውም አይከፍልም።

ወላጆች ሆይ! በቀጠሮው ዕለት ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ልጁ የሚወዳቸውን መጫወቻዎች አቅርቡ፤ ያልተራበና እንቅልፍ ያልያዘው መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሲጫወትና ሲበላ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ። «ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ነው የሚፈታው» የሚሉ ሰዎች ለልጁ የሚያዝኑ ናቸው፤ ነገር ግን ያለፈውን ወር አይመልሱለትም። በ2 ዓመቱ እርዳታ ያገኘ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እስኪታወቅ ከተጠበቀው ይልቅ ሰፊ ጊዜ አለው። ያንን ጊዜ የምንሰጠው ወይም የምንነፍገው እኛ ነን።