ጎያና አስታማሚው

ጾሬ በሚባል ቦታ ወባ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ ጎረቤቴ ጭንቅላቴን ቀና አድርጋ፣ ብርጭቆውን ከከንፈሬ አስጠግታ ውኃ አጠጥታኛለች። ጎያ ራሱን ከሐኪሙ ጋር የሣለበትን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ክንዷ ትዝ ይለኛል።

ፍራንሲስኮ ጎያ እ.ኤ.አ. በ1746 የተወለደ ስፔናዊ ሠዓሊ ነው። በ40ዎቹ ዕድሜው በያዘው ሕመም መስማት ተስኖታል። በ1819 መጨረሻ፣ በ73 ዓመቱ፣ ሌላ ሕመም ከሞት አፋፍ አድርሶት ዶክተር ኤውሄኒዮ ጋርሲያ አሪየታ አዳነው። በ1820 ጎያ ራሱንና ሐኪሙን በአንድ ሸራ ላይ ሣለ።

ሐኪሙ በሽተኛውን ከኋላ በክንዱ ደግፎ ብርጭቆ ያቀርብለታል። ከጀርባቸው በጨለማው ውስጥ ፊቶች ይታያሉ፤ የእነማን እንደሆኑ ሊቃውንት አልተስማሙም። እኔን የሚይዘኝ ግን የጎያ እጆች ናቸው። ሠዓሊ ራሱን ሲሥል ብሩሽ መያዝ ይወዳል፤ እነዚህ እጆች ግን ብርድ ልብሱን ጨምድደው ይዘዋል። ይህን የሣለው ደግሞ ከዳነ በኋላ ነው። እጁ በርትቶ፣ ራሱን እንደፈለገው መሣል በሚችልበት ሰዓት፣ ብርጭቆ እንኳ ማንሣት ያቃተውን ሰው መረጠ።

ከግርጌው የእጅ ጽሑፍ አለ፤ በብልሃትና በትጋት ሕይወቱን ላተረፈለት ወዳጁ ለአሪየታ የቀረበ ምስጋና ነው፤ የታመመበትን ዓመትና ዕድሜውን ሳይቀር ይናገራል። በየስልኩ በሚዞረው ምስል ላይ ተቆርጦ የሚቀረው ይኸው ጽሑፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ «የሕመም ሥዕል» ይለዋል። እኔ ስለት ነው እላለሁ። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕል ያሠራ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ ስሙና መማፀኑ አጠገቡ ተጽፎ ይሣላል። በስፔንም ከሞት የተረፈ ሰው እንዲህ ያለ ሥዕል ከነጽሑፉ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ነበር። ጎያ ይህንኑ ልማድ ይዞ፣ በቅዱሱ ቦታ ላይ ሐኪሙን አቆመ። የሐኪሙን ፊት እዩት፤ ክብር የሚጠብቅ ሰው ፊት አይደለም፤ በሽተኛው እንዲጠጣለት ብቻ የሚፈልግ ሰው ፊት ነው። አስታሞ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ፊት ያውቀዋል።

ምስሉን የምታጋሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ግርጌውን አትቁረጡ። ሥዕሉ ያለው በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ብዙ የአገራችን ሰው በዚያ ከተማ ይኖራልና፣ እዚያ ያላችሁ ሄዳችሁ ከጽሑፉ ጀምራችሁ እዩት። ጎያ ሥዕሉን ከሣለ በኋላ 8 ዓመት ኖሯል።