የበጎ አድራጎት ሥራ እንዴት ይዘልቃል?

ከወልድያ ወደ ደሴ ስትጓዙ፥ በሀብሩ የምትገኘውን መርሳን አልፋችሁ አምባሰል ትደርሳላችሁ። የግሸን ማርያም አምባ ያለው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ለመሳለም ወደ ግሸን በሄዱ ጊዜ፥ ወሎን ረኃብ አጥቅቶት ነበር። በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ሁለት እጓለ ማውታ ሕፃናትንም ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያሳድጓቸው ልጆች ቍጥር 21 ደረሰ።

ልገሳ አንድ ጊዜ ይመጣል፥ ሌላ ጊዜ ይቀራል፤ ሕፃን ግን በየዕለቱ ይራባል። ስለዚህ ያቋቋሙት ድርጅት ከለጋሾች እርዳታ ሌላ የራሱን የገቢ ምንጭ ፈጠረ። እናንተም ለችግረኞች ገንዘብ ስታሰባስቡ፥ «ስንት ተገኘ?» ከማለት አልፋችሁ፥ «ይህ ሲያልቅስ?» ብላችሁ ጠይቁ።